በሮማ የኪራይ ቤት ሦስት ሌሊት

ሮማን ለማየት የሚሄድ ሰው ልማዱ በሆቴል ማደር ነው። እኔ ግን ከባለቤቴ ጋራ በአቬንቲኖ ኮረብታ ላይ ለሦስት ሌሊት አንድ ቤት ተከራየሁ። ቤቱ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁኖ፥ ወለሉ እብነ በረድ፥ ጣራው ከፍ ያለ፥ መስኮቶቹም የእንጨት መዝጊያ ያላቸው ናቸው፤ ዕቃው ሁሉ እንደ ሹም እልፍኝ የተሰናዳ ነው። የቤቱ ጠባቂ ፓስፖርታችንን መዝግባ፥ ለከተማው የሚከፈለውንም ግብር ተቀብላ፥ ቁልፉን ሰጥታን ሄደች። ከዚያ ወዲያ ደጃችንን የመታ የለም። ባለቤቴም «እንግዳ የሚቀበል ጌታ የሌለው፥ ይህ እንዴት ያለ ቤት ነው?» ብላ ተገረመች፤ ነገር ግን በጣልያን ጀበና ቡና ባፈላች ጊዜ ቤቱን ወደደችው።

በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ለጌጥ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች አንዱ፥ የአክሱም ሐውልት በሮማ ቁሞ የሚያሳይ ነበር። እርሱን ካየሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማለዳ ከኮረብታው ወርደን፥ በቺርኮ ማሲሞ ዳር አልፈን፥ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ በእግራችን ሄድን፤ ሩቅ አይደለም። ቁመቱ 24 ሜትር የሚሆን ያ ሐውልት በ1930 ዓ.ም. በዚህ ስፍራ ተተክሎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ ወረደ፤ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ ተተከለ። ባለቤቴ ስፍራውን እያየች ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆመች። መኪናው በዙሪያዋ ይሮጣል።

በምንሄድበት ቀን፥ እንግዶች አሳባቸውን በሚጽፉበት መዝገብ ላይ እኔ የአልጋውን ምቾት አመሰገንሁ። ባለቤቴ ግን ብዕሩን ተቀብላ በአማርኛ «ፎቶግራፉ የቆየ ነው፤ ሐውልቱ አገሩ ገብቷል» ብላ ጻፈችበት።