ስፖርት መኪና ላማረን

እኛ ወጣቶች መኪና ሲያምረን አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። መድን ሰጪውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ፥ እኛን ደስ የሚያሰኘን እርሱን ያሰጋዋል። ጉልበቱ የበዛ፥ ዋጋው የከበደ፥ መለዋወጫው በፍለጋ የሚገኝ መኪና ላይ መንጃ ፈቃድ ትናንት ያወጣ ልጅ ሲቀመጥበት፥ አረቦኑ ቢወደድ ምን ያስገርማል?

ስለዚህ ጉልበቱን ትተን ቅለቱን እንፈልግ እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1964 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈችው ሚኒ ኩፐር ኤስ ሞተርዋ 1071 ሲሲ ብቻ ነበር። መታጠፊያ ላይ ልብ የሚያሞቀው የመኪናይቱ ቅለት ነውና፥ በደኅና የተያዘች፥ ያገለገለች ሱዙኪ ስዊፍት ትበቃናለች። አሮጌዋ ቮልስዋገንም አትናቅ፤ ብቻ ፍሬንዋና ጎማዋ ደኅና ይሁን፥ ዕቃዋም ሶማሌ ተራ ይገኝ። በጎንዋ «ስፖርት» የሚል ጽሑፍ ስለ ተለጠፈባት ብቻ ዋጋ የሚጨምርብንን ሻጭ ግን እግዜር ይስጥልን ብለን እንለፈው።

ሙሉውን መድን ትቶ የሦስተኛ ወገኑን ብቻ መያዝ ይሻላል የሚሉ አሉ። የመኪናይቱ ዋጋ ትንሽ ከሆነ ነገራቸው ያስኬዳል፤ ብትሰበር የምንጎዳው እኛው ነን። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ከሆነው ከሦስተኛ ወገኑም ላይ ልቆጥብ የሚል ጓደኛ ገጥሞናል። ያ ገንዘብ የብረታችን ማሳደሻ አይደለም፤ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በእግርዋ የምትወርድ ተማሪ ብንገጭ፥ መታከሚያዋ ነው። ጓደኛችንን ወረቀቱን እስኪያሳየን ድረስ አብረንህ አንሳፈርም ብለነዋል።