መሣሪያውን የራሱ ያደረገ ባንድ

ደሴም ኮምቦልቻም የቢቲኤስን ዳንስ ስልክ አቁመው የሚቀርጹ ልጆች አሉ፤ ሳያቸው ደስ ይለኛል። ኮሪያውያኑ ዘፋኞች እ.ኤ.አ. በ2013 ጀምረው በ2018 በአሜሪካ የአልበም ሠንጠረዥ አንደኛ ሆኑ። ከጀርባቸው ግን የሚያሠለጥናቸው ኩባንያ ነበር። ለእነዚህ ልጆች ኩባንያ ስላልነበረው ባንድ፣ ስለ ዋልያስ ማውራት እፈልጋለሁ።

ዋልያስ በተቋቋመበት ዘመን አብዛኛው ሙዚቀኛ ወይ የክብር ዘበኛ ወይ የፖሊስ ኦርኬስትራ ባልደረባ ነው፤ ካልሆነም የምሽት ክለብ ተቀጣሪ። መሣሪያው የቀጣሪው ነው፤ ከሥራ የወጣ ሰው ጊታሩንም አስረክቦ ይወጣል። የዋልያስ ልጆች የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ለእኔ ታሪካቸው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የራሳቸው ሲሆን የሚጫወቱበትን ቦታም መምረጥ ቻሉ፤ አዲስ አበባ ሂልተን ገቡ። በደርግ ሰዓት እላፊ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እነሱ ሌሊቱን ሲጫወቱ ያድራሉ፤ ሰዉ የሚወጣው ሲነጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር አሜሪካን ዞሩ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ያለቀሱላቸው አድናቂዎች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፤ እኔም እስካሁን ይቆጨኛል። ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ እያወጣ ይለማመድ ነበር! እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ የ1985 ካሴቱን አግኝቶ እንደገና አሳተመለት፤ ኃይሉም ስድሳውን አልፎ የዓለም መድረክ ላይ ወጣ። ግርማ በየነም እ.ኤ.አ. በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለ የፓሪስ ባንድ ጋር አልበም ሠራ። ፈረንሳዮች ናቸው፣ የባንዳቸውን ስም ግን ከእኛ ወሰዱ።

ቅኝቱንም ከእኛ ነው የወሰዱት። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የጎረቤቶቻችንን ስም ይዘዋል፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ። የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩ የሚከፍተው ዘፈን ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከአራቱ አይወጣም። የሰርጋችን መድረክ ላይ ግን ዛሬ የማየው አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ብቻ ነው፤ ከበሮውንም ቤዙንም ማሽን ይመታል። ድምፃዊ አላጣንም። ያጣነው አብረው የሚቀመጡ፣ አንዱ ሲስት ሌላው የሚይዝለት አምስት ስድስት ልጆችን ነው። ባቲን በኪቦርድ ብቻ የለመደ ልጅ ሳክስፎን ከጎኑ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ሳይሰማ ያድጋል። ይህ ያሳዝነኛል።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ማታ ማታ ባዶ የሚያድር ክፍል ያላችሁ፣ ቤት የተቀመጠ ድራም ወይም ቤዝ ጊታር ያላችሁ፣ ከታች ጻፉልኝ። መለማመጃ የሚፈልጉ ልጆች አውቃለሁ፤ አገናኛችኋለሁ።