ጨው ያኖረ ሰው

ጓደኞቼ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አገር ጕዳይና ስለ ፍቅር ሲጽፉ፣ እኔ ስለ ጨው ልጽፍ መነሣቴ አንዳንዱን አንባቢ ሳያስቀው አይቀርም። ይሁን እንጂ ከልጅነቴ ጀምሮ በሆዴ የያዝሁት ነገር ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ተናግሬው ልረፍ።

ያደግሁት በባሌ ደጋ፣ እርሻው አልቆ የጽዱና የኮሶው ደን በሚጀምርበት ሥፍራ ነው። ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ አጎቴ ከብቶቹን ጥቁር ጨው ሲያልስ አይቼ «ጋሼ፣ የዱር እንስሳቱስ ጨው ከወዴት ያገኛሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሆራ ይወርዳሉ፤ ሆራ የራቃቸውም አፈር ይልሳሉ» አለኝ። በዚያ አገር ሆራ የሚባለው ማዕድን ያለበት ምንጭ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ እናቴ ሳታየኝ ከጓዳ ጨው እየዘገንሁ ወደ ጫካው ዳር መውሰድ ጀመርሁ። አጎቴ ደረሰብኝ፤ ነገር ግን በመቈጣት ፈንታ ሥራውን አሳየኝ። ከመንገድ የራቀ፣ ለውሃ የቀረበ ቦታ መረጠ። የአንድ ደረቅ የኮሶ ጉቶ አናት በመጥረቢያ ፈልፍሎ ጥቁሩን ጨው ሞላበት። ዝናቡ ጨውን እያሟሟ በጉቶው ላይ ያወርደዋል፤ ሥሩ ያለው አፈርም ይጠጣዋል። እኔም ነፋሱ ከጉቶው ወደ እኔ በሚነፍስበት በኩል እንድቀመጥ አዘዘኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ማንም አልመጣም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ አንዲት ድኩላ መጣች። ወንዱ ድኩላ በእኛ አገር ጥቁር ነው ለማለት ይቻላል፤ እርስዋ ግን ቡናማ ነበረች፤ ጡቷም አግቷል። እንጨቱን ላሰች፤ አፈሩንም ላሰች። ትንሽ ኮሽታ በሰማች ቍጥር ጆሮዋን ታቆማለች፤ እግሮቿ ለመሸሽ ይሰናዳሉ፤ ምላሷ ግን አይለቅም።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በደጋ አገር ብዙ ዝናብ ሶዲየምን ከአፈር አጥቦ ይወስደዋል፤ ሣሩና ቅጠሉም የሚይዘው ጥቂት ነው። በክረምት የሚበቅለው ለምለም ሣር ፖታሲየምና ውሃ ይበዛበታል፤ እንስሳው ያን ሲያስወግድ ሶዲየሙም አብሮ ይወጣል። የምታጠባ እናት ደግሞ ከቀረው ላይ ለወተቷ ታካፍላለች። እኔ በዚያን ጊዜ ድኩላዪቱ የወደደችኝ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ጉቶው ያመጣት ግን ችግር ኖሯል።

ደስታዬን ችዬ ዝም ማለት አቃተኝ። በትምህርት ቤት አወራሁት። ከትልልቆቹ ልጆች አንዱ «ወዴት ነው?» ሲለኝ መንገዱን በዱላ አቧራ ላይ ሥዬ አሳየሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ ስሄድ የሽቦ ወጥመድ፣ ጠጕርና የደረቀ ደም አገኘሁ። ጨው እንዳለ ነበር።

ድኩላ ግልገሏን በቍጥቋጦ ውስጥ ሰውራ ትሄዳለች፤ ግልገሉም እናቱ እስክትመለስ ድረስ ዝም ብሎ ይተኛል። ይህን አጎቴ ነግሮኛል። ሦስት ቀን ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

አጎቴ የጉቶውን ሥር በዶማ ቈፍሮ አፈሩን ወደ ወንዝ ጣለው፤ ጉቶውንም አቃጠለው። ሳይመታኝ «ጨው ያኖረ ሰው ዘብም ያቆማል፤ እኛ ዘብ አላቆምንም» አለኝ። «አንተ» ቢለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

በቅርቡ እንዳነበብሁት፣ በአሜሪካ አገር አዳኞች አጋዘን ለመሳብ ጨውና ሌላ ማዕድን በየጫካው ያኖራሉ። የዚያ አገር አጋዘን ቀንድ እንደ ድኩላችን ቀንድ አይደለም፤ በየዓመቱ ወልቆ እንደ ገና ስለሚበቅል ብዙ ካልሲየምና ፎስፎረስ ይፈልጋል። ነገር ግን በ1967 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ መጀመሪያ የታየ፣ አንጎልን የሚጎዳና አጋዘኑን አመንምኖ የሚገድል በሽታ አለ። በምራቅ ይተላለፋል፤ በአፈርም ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ በብዙ ስቴቶች ጨው ማኖር ተከልክሏል ወይም ተወስኗል። ወጥመድ የሚያጠምድ ክፉ ሰው ባይኖር እንኳ፣ ብዙ አፍ በአንድ ቦታ መሰብሰቡ ብቻ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ብዙዎቻችን ተምረን ስንወጣ ወደ ገጠር እንሄዳለን፤ መድኃኒት ወይም ፊደል ይዘን ሰውን በጐደለው ነገር እንጠራዋለን። መጥራቱ መልካም ነው። ሆኖም የቸገረው ፍጡር እየፈራም ቢሆን ይመጣል፤ ስለዚህ ከመጥራታችን በፊት ዘቡ ማን እንደሚሆን እንነጋገር። እኔ ይህን የተማርሁት በሌላዋ ደም ነው።