ማጣሪያው ራሱ ሸክም ሲሆን

በካፋ ጫካ ቡና የሚለቅም ገበሬ ምርጫውን የሚጀምረው ከዛፉ ላይ ነው፤ ቀዩን ይለቅማል፣ ያልበሰለውን ይተዋል። የደረቀውን ፍሬ አንድ በአንድ በእጅ መልቀም የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይፈጃልና። የኢሜይል አይፈለጌ መልእክት ማጣሪያም የሚቀልለው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ቀላሉ ፍተሻ ይቀድማል፣ ከባዱ ይከተላል።

ስፓምአሳሲን የተባለው ነጻ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2001 በጀስቲን ሜሰን የተጀመረና በፐርል ቋንቋ የተጻፈ ነው። እያንዳንዱን መልእክት በብዙ ደንቦች ይመዝናል፤ በተለመደው ቅንብር የነጥቡ ድምር 5 ሲደርስ አይፈለጌ ይለዋል። ለየመልእክቱ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ማስነሳት ፕሮሰሰሩን ስለሚያደክም፣ ስፓምዲ የሚባለው ክፍል ደንቦቹን አንድ ጊዜ ጭኖ ይጠብቃል፤ ካልተቀየረም በአንድ ጊዜ እስከ 5 መልእክት ይፈትሻል። ይህን ቁጥር ማሳደግ ሥራውን የሚያፋጥን ይመስላል። ሜሞሪው ሲሞላ ግን ሰርቨሩ ወደ ዲስክ ማመላለስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሥራ ይንቀረፈፋል።

በቦንጋ የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ለሚያስተዳድር ተቋም ይህ ስሌት ይበልጥ ይከብዳል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ የላኪዎቹ ሰርቨሮች መልእክቱን ወዲያው አይጥሉትም፤ ወረፋ አስይዘው ደጋግመው ይሞክራሉ፣ ብዙውን ጊዜም ለቀናት። ግንኙነቱ ሲመለስ የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጎርፋል። ስለዚህ የፈታሾቹ ቁጥር መወሰን ያለበት በዚያ ሰዓት ሜሞሪው በሚችለው መጠን ነው። የታወቁ አይፈለጌ ላኪዎችን ገና በር ላይ መመለስና የዲኤንኤስ መልሶችን በቅርብ ማከማቸትም ከባዱን ፍተሻ ያቃልላሉ።

ጫናን መቀነስ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማኅተሙ እንዲታይ ስካን ተደርጎ ሲላክ በቀላሉ ይገዝፋል፤ መልእክቱን ወደ ስፓምዲ የሚያቀብለው ስፓምሲ ደግሞ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ከ500 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ሳያስፈትሽ ያሳልፋል። ሰርቨሩ ያርፋል፤ በሩ ግን ክፍት ይቀራል። በሌላ በኩል፣ ጫናን ለመቀነስ በላቲን ፊደል ያልተጻፈውን ሁሉ መመለስ የተማሪን ማመልከቻ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበርን ውል ከአይፈለጌው ጋር ያስቀራል።

የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፤ ከተለመዱት ደንቦች አብዛኞቹ ደግሞ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተቀረጹ ናቸው። ስለዚህ የስፓምአሳሲን የቤዝ ማጣሪያ ከአካባቢው ደብዳቤ መማር አለበት፤ ሥራውን የሚጀምረውም ቢያንስ ከ200 ደኅና እና ከ200 አይፈለጌ መልእክት ከተማረ በኋላ ነው። ይህን ናሙና ለይቶ ማዘጋጀት የሰው ድካም ይጠይቃል፤ የትኛውም የቅንብር ፋይል አይተካውም። የቀለለ ማጣሪያ መለኪያም የፕሮሰሰሩ ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ የሚጠበቀው ደብዳቤ በሰዓቱ መድረሱ ጭምር ነው።