«ጎረቤቴ ጠፋ» የሚል ስዊች

የግድግዳ ጋዜጣችን አዘጋጆች ከኮምፒዩተር ክፍሉ በኩል አንድ ነገር እንድጽፍላቸው ቢጠይቁኝ ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ስለ ኮምፒዩተር ጥቅም እንዳልጽፍ፣ እሱን የማያውቅ ማን አለ? ስለዚህ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ነገሩ የሆነው ቀደም ሲል አስተምርበት በነበረ አንድ ኮሌጅ ነው። ከማስተማሩ ጎን ለጎን የኔትወርኩ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቆ ነበር። (ኃላፊነት ሲባል ደመወዝ የለውም፤ የተሰጠኝ ቁልፍ ብቻ ነው።) ዋናውን ሕንፃና ቤተ መጻሕፍቱን የሚያገናኙ ሁለት የፋይበር መሥመሮች አሉ፤ አንዱ በዋናው በር በኩል፣ ሌላው በመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ ዞሮ የሚሄድ። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ስዊቾች የሚነጋገሩት ኦኤስፒኤፍ በሚባለው የመንገድ መምረጫ ደንብ ነው። እያንዳንዱ ስዊች በየ10 ሴኮንዱ ለጎረቤቱ «አለሁ» ይላል። 40 ሴኮንድ ሙሉ ድምፁ ካልተሰማ ጎረቤቱ እንደ ጠፋ ይቆጠርና መንገዱ እንደገና ይሰላል። ስሌቱ የኔዘርላንዱ ሊቅ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ዘዴ ነው። ከሁለቱ መሥመሮች አንዱ ቢበጠስ ሁሉም ነገር በሌላው በኩል ይሄዳል፤ ተጠቃሚው አይሰማውም።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እኔም አልተሰማኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰልጣኞች የትምህርት ዕቅዳቸውን ሰርቨሩ ላይ እየጻፉ ሳለ ኔትወርኩ ቀጥ አለ። በማግሥቱ ለማስተማር ልምምድ የሚወጡ ነበሩ። አንዷ ሰልጣኝ «መምህር፣ የሁለት ሰዓት ሥራዬ ጠፋ እኮ!» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ቁልፌን ይዤ ሮጥኩ። ለካ ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ የውሃ ቧንቧ የሚቀብሩ ሠራተኞች ፋይበሩን በዶማ በጥሰውታል። እሺ፣ ይሁን። የዋናው በር መሥመርስ ምን ነካው? የስዊቹን መዝገብ ስከፍት ጎረቤቱን ካጣ 23 ቀን ሆኖታል። ስዊቹ በሰዓቱ ጽፎታል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ደግሞ በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ አረንጓዴ መብራቱን አይ ነበር! በመካከል የፋይበሩን ብርሃን ወደ መዳብ ገመድ የሚለውጥ ትንሽ ሣጥን አለች። ፋይበሩ ከሣጥኗ ወዲያ ማዶ ቢሞትም፣ ከስዊቹ እስከ ሣጥኗ ያለው ገመድ ደህና ስለሆነ መብራቱ አይጠፋም። እኛ መምህራንም ክፍል ውስጥ ዝም ያለውን ሁሉ «ገብቶታል» እንል የለ? እሱን ለሌላ ዕትም ልተወው።

ዲኑ «እንዴት 23 ቀን ሙሉ ሳያውቁ ቀሩ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ዕቅዷን ሌሊቱን በእጅ ጽፋ በማግሥቱ ይዛ ወጣች። እሷን ቀና ብሎ ማየት ከዲኑ ጥያቄ ይልቅ ከበደኝ።

ከዚያ ወዲያ ነው ስለ ትራፕ ማንበብ የጀመርኩት። ትራፕ ማለት እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ኤስኤንኤምፒ በተባለው ደንብ መሠረት መሣሪያው ሳይጠየቅ የሚልከው መልእክት ነው። የእኛ ስዊች ላይ ተዘግቶ ነው የመጣው። ለማን እንደሚልክ፣ በምን የይለፍ ቃል እንደሚልክና የትኛውን ወሬ እንደሚልክ ማዘዝ ያስፈልጋል። እኔ ግን በጥፋቴ ደንግጬ ስለነበር ሁሉንም ከፈትኩት። ምኑን ልንገራችሁ! ኮምፒዩተር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር መልእክት፤ አዲስ የመንገድ መረጃ በወጣ ቁጥር መልእክት። ሰርቨሩ እየተቀበለ በቴሌግራም ወደ ስልኬ ያዘንበዋል። በሦስተኛው ቀን ስልኬን ድምፅ አልባ አደረግኩት፤ ማለትም ወደ ነበርኩበት ተመለስኩ። ኋላ ሁሉንም ዘግቼ አንዱን ብቻ አስቀረሁ፤ ጎረቤት ሲጠፋና ሲመለስ የሚናገረውን።

ይህም አልበቃም። አንድ እሑድ ሰው በሌለበት ቤተ መጻሕፍቱ ስዊች ላይ ሁለቱንም ገመዶች ነቅዬ ጠበቅኩ። ምንም! ስዊቹ ጮኋል፤ ግን የሚጮኽበት መንገድ ራሱ ተቆርጧል። ትራፕ ደግሞ የሚሄደው በዩዲፒ በር ቁጥር 162 ሲሆን ደረሰኝ አይጠይቅም፤ ከጠፋ ጠፋ። «ኢንፎርም» የሚባለው ዓይነት ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ካላገኘም ደግሞ ይልካል፤ ነገር ግን መንገድ ከሌለ እሱም ምን ያደርጋል? መፍትሔው ከወዲያኛው ጫፍ ነበር። ዋናው ሕንፃ ያለው ስዊች ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱም ጎረቤቱን አጥቷልና እሱን አስናገርኩት። እንደገና ገመዶቹን ብነቅል፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ተንጫረረ። እውነቱን ለመናገር ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከወራት በኋላ አንድ ረቡዕ፣ ክፍል ውስጥ ሳለሁ «የዋናው በር ጎረቤት ጠፋ» የሚል መልእክት መጣ። ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ መጀመሪያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ሁሉም አቀርቅሮ ይጽፋል። በር አጠገብ የነበረው ሰልጣኝ ቁልፉን እጄ ላይ አይቶ «ምን ሆነ፣ መምህር?» አለኝ። «ምንም» ብዬው ወደ በሩ ወረድኩ።