ወደ አዲስ አበባ ለምትሄደው ልጄ



ይህን በቃል ልነግርሽ ብሞክር እናትሽ እያለቀሰች አታስጨርሰኝም፤ ስለዚህ ጽፌ ከጓዝሽ ጋር አኖርኩልሽ። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ለመማር፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለመሆን ትሄጃለሽ። እኔም ዕድሜዬን ከካታሎግ ካርድ ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የምልሽ አለኝ።

ስልክ ላይ እጅሽ ፈጣን መሆኑን አውቃለሁ። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከጁባ ጓደኞችሽ ጋር በጁባ አረብኛ ስትጻጻፊ አያለሁ። ይህ ግን የተጠቃሚ ችሎታ ነው። የእኛ ሙያ ሌላ ነው፤ አንቺ ያስቀመጥሽውን ጽሑፍ የማታውቂው ሰው፣ አንቺ በሌለሽበት፣ ከዓመታት በኋላ ፈልጎ እንዲያገኘው ማድረግ ነው።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያደግሽበት ከተማ ጁባ ምስክር ነው። የጁባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ተመሥርቶ በ1989 በጦርነት ምክንያት ወደ ካርቱም ተሰደደ። ከእንግሊዞች ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመው የመንግሥት ሰነድም ለዓመታት በድንኳን ውስጥ ከዝናብና ከምስጥ ጋር ኖረ። ኋላ ሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት በተባለ የምርምር ተቋም እገዛ እየተለየ ስካን መደረግ ጀመረ። ስካን ማድረግ ግን የሥራው ቀላል ክፍል ነው። «ስካን 47» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል ከምስጥ ቢድንም ኮምፒዩተር ውስጥ ጠፍቷል። የየትኛው መሥሪያ ቤት፣ የየትኛው ዓመት፣ ስለምን ጉዳይ እንደሆነ አንብቦ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልገዋል። ሜታዳታ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አሰልቺ ነው ብለሽ እንዳትሸሺው።

ፊደላችንን በተለይ አደራ። «ኃይሌ»ን አንዱ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ሐ» ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒዩተር የፊደል ሥርዓት ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። አንድ ናቸው ብሎ የነገረው ሰው ከሌለ ኮምፒዩተሩ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ እያለ «የለም» ይላል። ጁባም ይኸው ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 እዚሁ ጎረቤታችን ረጃፍ በተደረገው የቋንቋ ጉባኤ ለባሪ፣ ለዲንካ፣ ለኑዌርና ለሌሎችም አጻጻፍ ሲወጣ፣ በተለመደው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ የሌሉ ፊደላት ገብተዋል። ተማሪው ጅራት ያላትን «ኤን» ትቶ ተራዋን ሲጽፍ የሚፈልገውን ያጣል። ይህን የሚያስተካክለው የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ስምና ዘመንም እንዲሁ ናቸው። እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አንጠራም። የብራና መጻሕፍታችንን ካታሎግ በማዘጋጀት የታወቁትን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አንባቢ የሚፈልጋቸው «ጌታቸው» ብሎ ነው፤ የፈረንጅ የጥቅስ ፕሮግራሞች ግን «ኃይሌ»ን ያስቀድማሉ። በ1967 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍም እስከ ታኅሣሥ 22 ከወጣ እ.ኤ.አ. 1974፣ ከዚያ በኋላ ከወጣ 1975 ነው። ሰባት ልደምር ወይስ ስምንት እያልሽ አትገምቺ፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ጽፈሽ አቻውን ከጎኑ አኑሪ።

ከክፍል ውጭ በእጅሽ ሥሪ። ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ኒው ዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት ነው። ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚው፣ አበላሺው፣ መልሰሽ አስተካክዪው። ኢንተርኔት በሌለበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባለው ኔትወርክ ብቻ መሥራት ይችላል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሁሉ ነገር የሚቆምበትን ከተማ ለምታውቂው ለአንቺ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሠራሽውን ደግሞ በሦስት ቅጂ ያዢ፤ አንዱ ከከተማው ውጭ ይሁን።

ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን አትጠቀሚ አልልሽም። ነገር ግን ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነደራሲው አሳምረው ሊጠቅሱልሽ ይችላሉ። አንባቢ ይዞልሽ የመጣውን እንዲህ ያለ ጥቅስ ካታሎግ ላይ አጣርተሽ «ይህ መጽሐፍ የለም» ማለት የአንቺ ሥራ ይሆናል።

ልጄ፣ በአማርኛም ሆነ በባሪ የተጻፈውን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው በደንብ አይመዘግብልንም። ዲግሪውን ስትይዢ የተማርሽውን ለአንድ ሰው እንኳ ሳታስተምሪ እንዳትቀሪ፤ የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ይሰውርሽ።

አባትሽ
ጁባ