ማጹሞቶ በእግር

የእነዋሪ ልጅ ነኝ። ኑሮዬ ቶኪዮ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ሰብሰብ ብለው በሚኖሩባት በካጹሺካ። እዚህ ያለነው ሐበሾች ስንገናኝ ወሬያችን ሥራ፣ ቪዛና የቤት ኪራይ ነው፤ ሀገሩን ዞሮ የማየት ነገር ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። እኔ ግን ዕረፍት ሳገኝ ከቶኪዮ መውጣት እወዳለሁ። ካየኋቸው ከተሞች ሁሉ ለልቤ የቀረበችው ማጹሞቶ ናት።

ከሺንጁኩ የሚነሳው ባቡር ተራራ ለተራራ ሲጓዝ ሁለት ሰዓት ተኩል ያልፈዋል። ከዚያ ድንገት ሜዳ ይከፈታል፣ ዳርና ዳሩን በክረምት በረዶ የሚለብሱ ተራሮች ይታያሉ። ከጣቢያው እስከ ግንቡ በእግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ታክሲ የሚይዝ ሰው ግን ግንቡን እንጂ ከተማዋን አያያትም። ከተማዋ የተቆረቆረችው ለግንቡ ስትባል ነው፤ ሳሙራዮቹ ከግንቡ ጉድባ አጠገብ፣ ነጋዴውና አንጥረኛው ከዚያ ወዲያ፣ ቤተ መቅደሶቹ ደግሞ ዳር ላይ እንዲሰፍሩ ተደልድላለች። የድሮዎቹ መንገዶች ጠላት በቀጥታ እንዳይገሰግስ ሆን ተብለው ተጠማዘዋል። ሄድ ብለህ ትታጠፋለህ፣ ደግሞ ትታጠፋለህ፣ አንዳንዱም መውጫ የለውም። ይህን የሚያውቀው እግር ብቻ ነው።

ናካማቺ የሚባለው የነጋዴዎች ሰፈር ላይ ሁሌም እቆያለሁ። ከተማዋ በተደጋጋሚ በእሳት ስለተጎዳች ነጋዴዎቹ እህላቸውንና ሸቀጣቸውን የሚያኖሩባቸውን ጎተራዎች በወፍራም ግድግዳ ሠርተው በነጭና በጥቁር ለስነዋቸዋል። ዛሬ ሱቅና ምግብ ቤት ሆነዋል። ጤፍና ስንዴ በሚታፈስበት በጅሩ መረሬ ላይ ያደገ ሰው ጎተራ ሲያይ እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል? መንገድ ዳር ከሚፈልቁት ምንጮች ሰው ሁሉ በነፃ ይቀዳል፤ እኔም ጠጥቼ ወደ ግንቡ አቀናለሁ።

ግንቡ ጥቁር ነው። ዋናው ክፍል የተሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ከውጭ አምስት ፎቅ የሚመስለው ውስጡ ስድስት ነው፤ ሦስተኛው መስኮት አልባ፣ ጨለማ ነው። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ጫማ አውልቀህ ትገባለህ። ደረጃዎቹ ቀጥ ብለው ከመቆማቸው የተነሣ ሽማግሌዎች በእጃቸው ጭምር ይወጣሉ። ግድግዳው ላይ የቀስትና የጠመንጃ መተኮሻ ቀዳዳዎች፣ ከሥሩ ድንጋይ መልቀቂያዎች አሉ።

ለእኔ ግን ከጦር ዕቃው ሁሉ በላይ የገበሬዎቹ ታሪክ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1686 ግብር ሲከብድባቸው ታዳ ካሱኬ የተባለ የመንደር ሰው መርቷቸው ለገዥው አቤት አሉ። መጀመሪያ የእሺታ ደብዳቤ ተሰጣቸው፤ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ቃሉ ታጠፈ፣ 28 ሰዎችም ተገደሉ። ካሱኬ ሊሞት ሲል ግንቡን አፍጥጦ ቢያየው ግንቡ ዘመመ ይላል አፈ ታሪኩ። ኋላ ላይ በእርግጥም ዘሞ ነበር፤ ምክንያቱ ከሥር የተሸከሙት ምሰሶዎች መበስበስ ነው። ይህን በስልክ ለአባቴ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ስማቸው ይነሣል?» አለኝ። «አዎ አባዬ፣ በሀገራቸው በአዙሚኖ መታሰቢያ ቤት ተሠርቶላቸዋል» አልኩት። «ደግ አደረጉ» አለ።

አሁን ልናገር ወደምፈልገው ልምጣ። እኛ ሀገር ፋሲል ግንብ የቆየው ድንጋይ ስለሆነ፣ የአንኮበር ቤተ መንግሥት የጠፋው ደግሞ እንጨት ስለሆነ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የማጹሞቶ ግንብ ከድንጋይ መሠረቱ በላይ እንጨት ነው። የቆየው ሰው ስለደረሰለት ነው። የሜይጂ መንግሥት ባላባቶቹን ከሻረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1872፣ ግንቡ ሊፈርስ በሐራጅ ተሸጠ። ኢቺካዋ ሪዮዞ የተባለ የከተማው ሰው ግንቡ ውስጥ ዐውደ ርእይ እያዘጋጀ በመግቢያው ገንዘብ መልሶ አስገዛው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ ኮባያሺ ኡናሪ የተባለ ርእሰ መምህር ማኅበር አቋቁሞ፣ መዋጮ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1913 አስጠገነው። ጥቁሩ ቀለም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይታደሳል።

ያ ሐራጅ ሲወጣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። አንኮበር የአባቶቻቸው መናገሻ ናት፤ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች ተቀብለዋል። መናገሻው ወደ እንጦጦ ከሄደ በኋላ ከተማዋ እየሳሳች መጣች። ዛሬ ኮረብታው ላይ የካብ ቅሪትና በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ።

የእኛ አካባቢ ሰዎች ከጃፓን ጋር የቆየ ጉዳይ አላቸው። ከጀማ ማዶ የመርሐ ቤቴው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን መጥተው የሀገሩን ንጉሠ ነገሥት አነጋግረው፣ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። የሰያደብሩ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ሲያረቅቁ የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አይተዋል። የጃቶው አበበ ቢቂላ ደግሞ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። የኅሩይ ትውልድ የጠየቀው ጃፓን እንዴት ሠለጠነች ብሎ ነበር፤ ትልቅ ጥያቄ ነው። የእኛ ትውልድ አሮጌውን እንዴት አቆየችው ብሎ ይጨምርበት። የማጹሞቶ መልስ ደግሞ አቅማችንን አያልፍም፤ አንድ የከተማ ሰው፣ አንድ ርእሰ መምህር፣ መዋጮ።

ስለዚህ ለገናና ለጥምቀት ሀገር ቤት የምትገቡ የሸዋ ልጆች፣ ደብረ ብርሃን ስትደርሱ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ጨምሩና አንኮበር ውጡ። ኮረብታውን በእግራችሁ ዙሩ፣ የሰፈሩን ልጅ መሪ አድርጉና ክፈሉት፣ ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ማኅበር ያላችሁም ከዓመቱ መዋጮ ላይ ጥቂት ከፍላችሁ የትኛው አዳራሽ፣ የትኛው በር የት እንደነበር የሚያሳይ ምልክት አስተክሉ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጀምሩ።